ማደያው ሲገደብ ሂሳቡ ለማን ይደርሳል?

የዛሬው የኢኮኖሚ ትምህርታዊ ዝግጅታችን በነዳጅ እጥረት ወቅት ስለሚጣል የሽያጭ ገደብ ይናገራል።

ነዳጅ ሲያጥር በየአገሩ የሚወጡት መመሪያዎች ይመሳሰላሉ። ለአንድ መኪና ከዚህ ሊትር በላይ አይቀዳም። በጀሪካን መሸጥ ክልክል ነው። ዛሬ የሚስተናገደው ጎዶሎ ታርጋ ብቻ ነው። እሑድ ማደያ ዝግ ነው። የሁሉም ዓላማ አንድ ነው፤ ያለውን ጥቂት ነዳጅ ለብዙ ሰው ማዳረስ። ዓላማው መልካም ስለሆነ ውጤቱን ብዙ ጊዜ ሳንመረምረው እናልፋለን። ዛሬ ግን ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ገደቡ በኢኮኖሚው ላይ ምን ያስከትላል? ማንን ይጠቅማል? ወጪውንስ ማን ይከፍላል?

የዝግጅቱን ዋና ሐሳብ ከወዲሁ ልንገራችሁ። የሽያጭ ገደብ ብቻውን አንድ ሊትር ነዳጅ አይጨምርም። የሚወስነው የእጥረቱን ሂሳብ ማን እንደሚከፍልና በምን እንደሚከፍል ነው። በብር ያልተከፈለው በጊዜ፣ በቀረ ጉዞ፣ በተቋረጠ ሥራ ይከፈላል። ስለዚህ ገደብ የሚያወጣ ሁሉ ሂሳቡ በማን ላይ እንዲያርፍ እንደፈለገ አስቀድሞ ማወቅና በግልጽ መናገር አለበት።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮቻችን፣ ለዚህ ትምህርት የሚሆነን በደንብ የተጠና ታሪክ አለ። በአሜሪካ ከ1973 መጨረሻ እስከ 1974 መጀመሪያ የታየው የነዳጅ እጥረት ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ የምነግራችሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእኛ አቆጣጠር ዘመኑ 1966 ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ያ ዓመት በአዲስ አበባም የራሱ የነዳጅ ታሪክ ስላለው በኋላ ወደ እሱ እንመጣለን።

ኦክቶበር 6 ቀን 1973 ግብጽና ሶሪያ በአንድ ወገን፣ እስራኤል በሌላ ወገን የተሰለፉበት ጦርነት ተጀመረ። ከዐሥራ አንድ ቀን በኋላ የአረብ ነዳጅ ላኪ አገሮች ሚኒስትሮች ኩዌት ላይ ተሰብስበው ምርታቸውን በየወሩ በ5 በመቶ ለመቀነስ ወሰኑ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለእስራኤል የ2.2 ቢሊዮን ዶላር እርዳታ እንዲፈቀድ ሲጠይቁ ደግሞ ሳዑዲ ዓረቢያና ሌሎች የአረብ አገሮች ለአሜሪካ ነዳጅ መላክ አቆሙ። ማዕቀቡ በኔዘርላንድስም ላይ ተጣለ። በጦርነቱ ዋዜማ 3 ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጃንዋሪ 1974 ወደ 11 ዶላር ከ65 ሳንቲም ወጣ።

አሜሪካ በዚያን ጊዜ ከምትጠቀመው ነዳጅ ሲሶ ያህሉን ከውጭ ታስገባ ነበር። ከዚያ ሲሶ ውስጥ ከአረብ አገሮች የሚመጣው ከፊሉ ብቻ ነው። ራሷም ትልቅ ነዳጅ አምራች ነበረች። ይሁንና በፌብሩዋሪ 1974 መጨረሻ የአገሪቱ የአውቶሞቢል ማኅበር ባደረገው ዳሰሳ ከአምስት ማደያዎች አንዱ ጭራሽ ነዳጅ አልነበረውም። ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ይሰለፋል፤ ተራው ሳይደርስ ነዳጁ ያልቃል። መጠነኛ ጉድለት ይህን ያህል ሰልፍ እንዴት ወለደ? እዚህ ላይ ሦስት ምክንያቶችን ለይተን እንመልከት።

አንደኛው የዋጋ ጣሪያ ነው። የኒክሰን መንግሥት በኦገስት 1971 የኑሮ ውድነትን ለመግታት ሲል ዋጋና ደመወዝ ባሉበት እንዲቆሙ አዘዘ። በኋላ በሌሎች ሸቀጦች ላይ ቁጥጥሩ እየላላ ሲሄድ በነዳጅ ላይ ግን ጸና። ነዳጅ ሲያጥርም የማደያው ዋጋ ከእጥረቱ እኩል መውጣት አልቻለም። አንድ ጋሎን ማለትም 3.8 ሊትር ያህል ቤንዚን በሜይ 1973 ከ39 ሳንቲም አይበልጥም ነበር፤ በጁን 1974 ወደ 55 ሳንቲም ደረሰ። ድፍድፉ ከሦስት እጥፍ በላይ ሲወደድ የማደያው ዋጋ ግማሽ እንኳ አልጨመረም። ዋጋው ብዙም ስላልከበደው ሰው ጉዞውን ለመቀነስ ገፊ ምክንያት አላገኘም፤ ነዳጁ ግን ለሁሉም አይበቃም። በዚህ መካከል የሚቀረው መለያ ሰልፍ ነው።

ሁለተኛው የአከፋፈል ደንቡ ነው። በኖቬምበር 27 ቀን 1973 የወጣው ሕግ ነዳጅ በየአካባቢው እንዴት እንደሚደለደል ደነገገ። መነሻ የተደረገው እያንዳንዱ አካባቢ በ1972 የወሰደው መጠን ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሁሉም ከቀድሞው ድርሻው ተመጣጣኝ ይቀንስለታል። ኑሮ ግን ባለፈው ዓመት ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ከ1972 ወዲህ ሕዝብ የጨመረባቸው የከተማ ዳርቻዎች ድርሻቸው አነሰ። የዕረፍት ሰው ይጎርፍባቸው የነበሩ ገጠሮች ደግሞ ከተሜው በፍርሃት ቤቱ ሲቀር የሚቀዳቸው አጡ። ነዳጁ በአንድ ስፍራ ተኝቶ በሌላው ስፍራ መኪና ተሰልፏል። ሕጉ ስለያዘውም ነጋዴው ነዳጁን ከበዛበት ወደ አነሰበት በፍጥነት ማዛወር አይችልም ነበር። ትምህርቱ ለማንኛውም አገር ይሠራል። የአምናን ፍጆታ ይዞ የዘንድሮን ድርሻ መመደብ እጥረቱ ራሱ ከሚያስከትለው በላይ ጉዳቱን ያብሰዋል።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። ይህን በሰፈራችን ሱቅ እናውቀዋለን። ዘይት ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሲነዛ አንድ ሊትር የሚገዛው ሰው አምስት ሊትር ይገዛል፤ የዚያን ቀን ዘይት በእርግጥም ይጠፋል። የነዳጁን በቁጥር እንየው። አንድ መቶ ሺህ መኪና ያላት ከተማ አለች እንበል። በደህናው ጊዜ በእያንዳንዱ መኪና ሰልባቲዮ ውስጥ በአማካይ 20 ሊትር ይገኛል። ወሬው ሲነሣ ሁሉም ሰው በፊት ጠቋሚው ወደ ታች ሲወርድ ይቀዳ የነበረውን አሁን ትንሽ ሲጎድል እየሮጠ ይሞላል። አማካዩ ወደ 35 ሊትር ይወጣል። ልዩነቱ በአንድ መኪና 15 ሊትር ነው። በመቶ ሺህ ሲባዛ 1.5 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል፤ 45 ሺህ ሊትር በሚጭን ቦቴ ቢቆጠር ሠላሳ ሦስት ቦቴ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ነዳጅ አንድም ተጨማሪ ጉዞ አልተጓዘበትም። ከማደያው ጉድጓድ ወጥቶ በግል መኪኖች ውስጥ ቁጭ ብሏል።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን መፍትሔ ከዚህ ሊትር በላይ አይቀዳም የሚል ጣሪያ ነው። ጣሪያው ዝቅ ሲል ግን 40 ሊትር የሚያስፈልገው ሰው ሁለት ጊዜ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ይረዝማል፤ የረዘመው ሰልፍ የሚያየውን ሁሉ ያስፈራል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ይህን ተረድተው ተቃራኒውን ደነገጉ። ከተወሰነ ገንዘብ በታች መቅዳት አይቻልም አሉ። ይኸኛው ደንብ ሰልባቲዮው ሙሉ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ሰው ከሰልፉ ያስወጣል። በአንድ ዓይነት እጥረት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ገደቦች አሉ ማለት ነው፤ አንደኛው ፍርሃቱን ሲያባብሰው ሌላኛው ያበርደዋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሰልፉ ዋጋ እንምጣ። አንድ የታክሲ ሹፌር በሰዓት 200 ብር ያገኛል እንበል። 20 ሊትር ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ቢሰለፍ 600 ብር ቀርቶበታል። 600 ብሩን ለ20 ሊትር ስናካፍለው በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 30 ብር ተጨምሮበታል። በማደያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዋጋ አልተለወጠም፤ ሹፌሩ የከፈለው ግን ተለውጧል።

ዋናው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። የሊትሩ ዋጋ በ30 ብር ቢጨምር ኖሮ ያ ገንዘብ አንድ ሰው እጅ ይገባ ነበር። አቅራቢው ሊወስደውና ሌላ ነዳጅ ሊያመጣበት ይችላል። መንግሥትም በታክስ ሰብስቦ ለድሃው ሊደጉምበት ይችላል። በሰልፍ ያለቀው ሦስት ሰዓት ግን ማንም እጅ አልገባም። ሹፌሩ አጥቶታል፤ ተሳፋሪው ታክሲ ሲጠብቅ አጥቶታል፤ ያገኘው ሰው የለም። ኢኮኖሚስቶች ሰልፍን እንደ ብክነት የሚቆጥሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ከሐሳብ አልፎ በተግባርም ተፈትሿል። በ1980 በካሊፎርኒያ በቼቭሮን ኩባንያ ባለቤትነት የሚተዳደሩ ማደያዎች በዋጋ ቁጥጥሩ ምክንያት ከአካባቢያቸው ማደያዎች በርካሽ እንዲሸጡ ተገደዱ። በአንድ መንገድ ላይ ርካሹ ማደያ ሰልፍ አለው፤ ውዱ ማደያ ሰልፍ የለውም። ሮበርት ዲከን እና ጆን ሶንስቴሊ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ ምሁራን በሁለቱም ማደያዎች የሚቀዱትን ሰዎች ጠይቀው ውጤቱን በ1985 አሳተሙ። ርካሹን ለማግኘት የሚሰለፉት ብዙ ሊትር የሚቀዱና የጊዜያቸው ዋጋ ዝቅ ያለ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሰዎች ጊዜን እንደ ገንዘብ እየቆጠሩ ይመርጣሉ ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሰልፍ ለድሃ ይሻላል፤ ድሃ ገንዘብ ባይኖረውም ጊዜ አለው የሚል ክርክር ይነሣል። ክርክሩ ለጡረተኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ለቀን ሠራተኛው፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ቲማቲሟን ጭና ገበያ ለምታደርሰው ነጋዴ ግን ጊዜ ማለት የዕለት እንጀራ ነው። ሀብታሙ ደግሞ ራሱ አይሰለፍም፤ ሹፌሩን ይልካል። ባለማደያውን የሚያውቅ በጓሮ ይቀዳል። በ1973 እና በ1974ቱ እጥረት ጊዜ በአሜሪካም ባለማደያዎች ቋሚ ደንበኞቻቸውን ያስቀድሙ ነበር፤ ቤንዚን ከቆመ መኪና እየተመጠጠ ስለሚሰረቅ ቁልፍ ያለው የነዳጅ ክዳን ገበያው ደርቶ ነበር። የታገደ ዋጋ መንገድ ቀይሮ በትውውቅ፣ በጉቦና በስርቆት ይወጣል።

ገደቡ ከማደያው አልፎ ወደ ሌላው ገበያ የሚገባበትንም መንገድ እንይ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ኖቬምበር 25 ቀን 1973 ማደያዎች ከቅዳሜ ምሽት ሦስት ሰዓት እስከ እሑድ እኩለ ሌሊት እንዲዘጉ ጠየቁ። የዕረፍት ቀን ጉዞ ሲቀር የሚቆጠበው ቤንዚን አለ፤ በዚያው ልክ የመንገድ ዳር ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ደንበኛ ያጣሉ። አስተናጋጁ ከሥራ ይቀነሳል፤ ቤንዚን ያልገዛ ሰው እንኳ የቤንዚኑን እጥረት ከደመወዙ ይከፍላል። ብዙ ቤንዚን የሚፈጁ ትልልቅ መኪኖች ገዢ አጡ፤ የዲትሮይት የመኪና ፋብሪካዎችም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞችን ከሥራ አሰናበቱ።

ከሁሉ የጎላው የጭነት ሹፌሮች ጉዳይ ነው። በራሳቸው መኪና የሚሠሩ ሹፌሮች የናፍጣው መወደድና መጥፋት፣ ከዚያም በየግዛቱ ዝቅ እያለ የመጣው የፍጥነት ገደብ ገቢያቸውን ስለቀነሰባቸው በዲሴምበር 1973 በኦሃዮና በፔንሲልቬኒያ አውራ ጎዳናዎች ላይ መኪናቸውን አቁመው መንገድ ዘጉ። በጃንዋሪ መጨረሻና በፌብሩዋሪ መጀመሪያ ደግሞ በብዙ ግዛቶች ሥራ አቆሙ። ሥጋና አትክልት ወደ ከተማ መግባቱ ተስተጓጎለ። በመጨረሻ የጭነት ዋጋቸው ላይ ጭማሪ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደላቸው። ጭማሪው ደግሞ ዞሮ ሸማቹ ቅርጫት ውስጥ ገባ። ከዚህ የምንማረው ናፍጣና ቤንዚን በአንድ ዓይን እንደማይታዩ ነው። ቤንዚን በአመዛኙ ሰው ያመላልሳል፤ ናፍጣ እህሉን፣ ሲሚንቶውንና መድኃኒቱን ይጭናል። በናፍጣ ላይ የተጣለ ገደብ ዋጋውን በእያንዳንዱ ሸቀጥ ላይ ይለጥፋል።

ለእውነት ስንል የገደቡን በጎ ጎንም እንናገር። በጃንዋሪ 1974 በመላ አገሪቱ የመኪና ፍጥነት በሰዓት ከ55 ማይል፣ ማለትም ከ88 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ተደነገገ። በ1973 54 ሺህ ገደማ የነበረው በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ቁጥር በ1974 ወደ 45 ሺህ ወረደ። ለቁጥሩ መቀነስ ሰው መንዳት መቀነሱም ድርሻ አለው። የፍጥነት ገደብ ፍጆታን በቀጥታ ይቀንሳል፤ ሰልፍ አያስረዝምም። የሽያጭ ገደብና የአጠቃቀም ገደብ ልዩነታቸው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን በአገራችንም በስም የሚታወቀውን የጎዶሎና የሙሉ ቁጥር ታርጋ እንመልከት። በ2012 ዓመተ ምሕረት በኮቪድ ወቅት የግል መኪኖች በታርጋ ቁጥራቸው በፈረቃ እንዲንቀሳቀሱ ተደርጎ ነበር። በአሜሪካው እጥረት ወቅት በኦሪገን ግዛት አገረ ገዥ ቶም ማኮል ነዳጅ በታርጋ ፈረቃ እንዲቀዳ አደረጉ። ሌሎች ግዛቶች ተከተሉ፤ ኒው ጀርሲ በፌብሩዋሪ 1974 ግዴታ አደረገችው። በኦሪገን ማደያዎች ባንዲራም ይሰቅሉ ነበር። አረንጓዴ ለሁሉም ይሸጣል፣ ቢጫ ለንግድና ለአስቸኳይ አገልግሎት ብቻ፣ ቀይ ነዳጅ የለም ማለት ነው።

ፈረቃው ፍጆታን ይቀንሳል? በቀጥታ አይቀንስም። ዛሬ ተራው ያልሆነ ሰው ነገ ለሁለት ቀን የሚበቃውን ይቀዳል። የሚያስገኘው ጥቅም ሌላ ነው። ሰው ተራው የሚደርስበትን ቀን ካወቀ በየማደያው አይዞርም፤ ዛሬ ሊመጣ የማይችል መኪና ከሰልፉ ይወጣል፤ ሰልፉ ሲያጥር ፍርሃቱም ይበርዳል። ባንዲራውም ያው ነው። ነዳጅ ያለበትንና የሌለበትን ከሩቅ የሚያሳይ መረጃ፣ ነዳጅ ፍለጋ የሚባክነውን ነዳጅ ያድናል። ዛሬ ይህን በስልክ መልእክት ማድረግ ይቻላል። ስለዚህ ፈረቃ ለሰልፍ መድኃኒት ነው፤ ለእጥረት ግን መድኃኒት አይደለም። በዚያ ላይ ሁለት መኪና ያለው ቤተሰብ አንዱን ጎዶሎ፣ አንዱን ሙሉ አድርጎ ገደቡን ያልፈዋል፤ አንድ መኪና ያለው ይቀርበታል።

ሌላው መንገድ ኩፖን ነው። የአሜሪካ መንግሥት 4.8 ቢሊዮን የነዳጅ ኩፖን አሳትሞ አዘጋጀ። የተዘጋጀው ዕቅድ ኩፖኑን መንጃ ፈቃድ ላለው ሰው እንዲሰጥና ተቀባዩ ካልፈለገው በሕጋዊ መንገድ እንዲሸጠው የሚፈቅድ ነበር። ይህ ሐሳብ ሊታሰብበት ይገባል። ብዙ የማይነዳው ሰው ኩፖኑን ሸጦ ገንዘብ ያገኛል፤ ብዙ መንዳት ያለበት ገዝቶ ይሠራል፤ በሰልፍ ይባክን የነበረው ዋጋ ወደ ሰው ኪስ ይገባል። ይሁን እንጂ ለማን ስንት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይደለም፤ ማተሙ፣ ማከፋፈሉና ሐሰተኛውን መለየቱም ብዙ ሰው ይፈልጋል። ኩፖኖቹ አንድ ቀን ሳይሠሩባቸው በመጋዘን ቆይተው በ1984 ተወገዱ። ማዕቀቡ ራሱ በማርች 1974 ተነሥቶ ነበር።

ኔዘርላንድስ ከኖቬምበር 4 ቀን 1973 ጀምሮ እሑድ በመኪና መንዳትን ከለከለች፤ በጃንዋሪ 1974 ኩፖን ጀምራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አቆመችው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። የነዳጅ ኩባንያዎች ኢራንና ናይጄሪያን የመሳሰሉ ማዕቀብ ያልጣሉ አገሮችን ነዳጅ ወደ ተከለከሉት አገሮች፣ የአረቡን ደግሞ ወደሌሎቹ አዛወሩት። ነዳጅ በመርከብ የሚዞር ሸቀጥ ስለሆነ ጉድለቱ ለሁሉም ተካፈለና የኔዘርላንድስ ድርሻ ከተፈራው አነሰ። እንደ ልብ የተንቀሳቀሰው የባሕሩ ነዳጅ ጉድለትን ሲያቃልል፣ በሕግ የታሰረው የየብሱ ነዳጅ ሰልፍ እንደወለደ አስተውሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ዋጋው ይልቀቅ፣ ገደቡ ይቅር ልንል ነው? ወደ ራሳችን ታሪክ እንምጣ። የዓለም ዋጋ የነካው ኢትዮጵያንም ነው። በየካቲት 1966 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ በአንድ ጊዜ 50 በመቶ ጨመረ። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ ተማሪዎች ተቀላቀሉ፤ ከተማይቱ ተናወጠች። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀነስ መወሰኑን አስታወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ለአብዮቱ የወሎው ረሃብ፣ የወታደሩ ቅሬታና የመሬት ጥያቄ ትልልቅ ምክንያቶች ነበሩ፤ የነዳጁ ጭማሪ ግን የተጠራቀመውን ብሶት አደባባይ ካወጡት አንዱ ነበር።

የታክሲ ነጂው ሂሳብ ግልጽ ነው። ነዳጅ ዋናው ወጪው ነው፤ ወጪው በአንድ ጀምበር በግማሽ ሲጨምር ከተሳፋሪው ካልጠየቀ ከልጆቹ ጉሮሮ ይቀንሳል። ተሳፋሪው ደግሞ የሚጨምረው የለውም። ስለዚህ ሁለት ነገር በአንድ ላይ እንያዝ። ዋጋን ማገድ ሂሳቡን በሰልፍና በትውውቅ ያስከፍላል። ዋጋን ያለ ድጎማና ያለ ዝግጅት መልቀቅ ደግሞ ሂሳቡን በነዳጅ በሚያድረው ሰው ላይ በአንድ ቀን ይጭናል። ጥበቡ ዋጋው ስለ እጥረቱ እውነቱን እንዲናገር እየፈቀዱ፣ ሊቋቋመው የማይችለውን ሰው በቀጥታ መደገፍ ነው።

ኢትዮጵያ በሐምሌ 2014 የጀመረችው የታለመ የነዳጅ ድጎማ ከዚህ ሐሳብ ይነሣል። የግል መኪና ባለቤት የሚከፍለው ዋጋ ደረጃ በደረጃ ወደ ዓለም ዋጋ እንዲጠጋ፣ የሕዝብ ማመላለሻ ግን ለጊዜው በድጎማ እንዲቀዳና ክፍያውም በቴሌብር እንዲሆን ተደረገ። ከዚያ በፊት ድጎማው ለሁሉም እኩል ስለነበር ብዙ የሚነዳው ብዙ ይደጎም ነበር። የእኛ ዋጋ ከጎረቤት ዋጋ ዝቅ ሲል ደግሞ ነዳጁ በኮንትሮባንድ ድንበር ይሻገራል፤ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የገባው ነዳጅ ተመልሶ ይወጣል። ሁለት ዋጋም የራሱ ፈተና አለው። በርካሹ የቀዳ ሰው በውዱ ለመሸጥ ይፈተናል፤ ቁጥጥሩ ካልጠነከረ ሚኒባሱ ሕዝብ ከማመላለስ ነዳጅ መነገድ ይሻለዋል። ድጎማው በተቀዳው ሊትር ልክ ብቻ ሳይሆን መኪናው በሠራው ሥራ ልክ ቢመዘን ይህን ፈተና ያቃልላል።

በጀሪካን መሸጥን መከልከልም በዚህ ዓይን ይታይ። ክልከላው ኮንትሮባንዱንና ጥቁር ገበያውን ለመቁረጥ ነው፤ ምክንያቱ ተገቢ ነው። ነገር ግን በጀሪካን የሚቀዳው ሁሉ ኮንትሮባንዲስት አይደለም። የውሃ ፓምፑን ወንዝ ዳር ተክሎ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ፓምፑን ነድቶ ማደያ ሊመጣ አይችልም። በናፍጣ ሞተር የሚሠራው የገጠር ወፍጮም ከቦታው አይነሣም። ለእነዚህ ሰዎች ጀሪካን ሰልባቲዮአቸው ነው። ሽንኩርቱ ለሁለት ሳምንት ውሃ ካጣ፣ ነዳጁ በኋላ ቢመጣም ሰብሉ አይመለስም። ለገበሬውና ለባለ ወፍጮው ከቀበሌው የተረጋገጠ ፈቃድ፣ የተወሰነ ቀንና የተወሰነ መጠን መስጠት ኮንትሮባንዱን ሳያበረታታ ምርቱን ያድናል።

(አጭር ሙዚቃ)

ውድ አድማጮቻችን፣ በአካባቢያችሁ የነዳጅ ሽያጭ ገደብ ሲታወጅ አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። የከተማ ምክር ቤት አባላት፣ የትራንስፖርት ቢሮ ሠራተኞችና የማደያ ባለቤቶችም ራሳችሁን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ገደቡ ፍጆታን ይቀንሳል ወይስ መቅጃ ቀኑን ብቻ ይለውጣል? ፍጥነትን መገደብ፣ አንዱ መኪና ብዙ ሰው እንዲይዝ ማድረግ፣ አውቶቡስ መጨመር ፍጆታን ይቀንሳሉ። ፈረቃ ሰልፉን ያሳጥራል እንጂ ፍጆታን አይነካም። ሁለቱን ማምታታት ጊዜ ያስጠፋል።

ሁለተኛ፣ ገደቡ ፍርሃትን ያበርዳል ወይስ ያቀጣጥላል? ነዳጅ የሚመጣበትን ቀንና ያለበትን ማደያ ለሕዝብ የሚያሳውቅ አስተዳደር ሰልፉን በግማሽ መንገድ አሸንፎታል። ነዳጅ አለ እየተባለ ማደያው ደርቆ ከተገኘ ግን ቀጣዩን እውነተኛ ማስታወቂያ የሚያምን አይኖርም።

ሦስተኛ፣ ቅድሚያው ለማን እንደሆነ ተጽፏል? አምቡላንስ፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የእህልና የመድኃኒት ጭነት፣ የመኸር ትራክተርና ኮምባይነር መቅደም አለባቸው። ቅድሚያው በወረቀት ካልሰፈረ የሚወስነው ነዳጅ ቀጂው ወይም ማደያው በር ላይ የቆመው ጉልበተኛ ይሆናል።

አራተኛ፣ ገደቡ የሚያበቃው መቼ ነው? በአሜሪካ ማዕቀቡ በወራት ውስጥ ሲነሣ የዋጋ ቁጥጥሩ ግን እስከ ጃንዋሪ 1981 ዘለቀ። በዚህ መካከል በ1979 የኢራን አብዮት ሌላ እጥረት ሲያመጣ ካሊፎርኒያ የታርጋ ፈረቃ ደነገገች። ለአስቸኳይ ጊዜ የወጣ ደንብ ማብቂያ ቀን ከሌለው ልማድ ይሆናል፤ የሚጠቀምበትም ወገን ያበጃል፤ ያ ወገን ደግሞ ደንቡ እንዳይነሣ ይሟገታል።

እጥረት ሲመጣ ያለውን መካፈል ግዴታችን ነው። መካፈሉ ፍትሐዊ የሚሆነው ወጪውን ስንቆጥረው ነው፤ የሰልፉን ሰዓት፣ የቀረውን ጉዞ፣ የደረቀውን ማሳ ሁሉ ጨምረን። የሰሌዳው ዋጋ ባይለወጥም ሕዝቡ እየከፈለ መሆኑን የሚያውቅ አስተዳደር የተሻለ ደንብ ያወጣል፤ ይህንን የሚያውቅ ሕዝብም የተሻለ ጥያቄ ይጠይቃል።